ሠርካለም የምታድርበት ቤት

የጃናሞራው አይሱዙ አምባራስ አካባቢ መንገድ ዳር አራግፏቸው ሲሄድ፣ የትናየት ገና የልጇን ማዘያ ሳታጠብቅ ያርጋል መንገዱን ለቆ ቁልቁል ታጠፈ። ከዚያ ቦታ ሦስት የእግር መንገድ ይለያያል። ቆም ብሎ እንኳ አላሰበም። እሷ ከኋላው ድንጋይ ለድንጋይ እየተደናቀፈች ይህንን በሆዷ ያዘች። ወደዚህ ያመላልሱት የነበሩት እናቱ ከሞቱ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፤ እና እግሩ እስካሁን አልረሳም?

ደባርቅ ያሉ ጎረቤቶቿ በሙሉ "ክርስትና ያልተነሣች ሕፃን አዝለሽ ተራራ ትወጫለሽ? አብደሻል?" ብለዋታል። አላበደችም። ያርጋል ብቻውን ወደ ፊተኛ ሚስቱ ቤት እንዳይሄድ ነው የወጣችው፤ ይህን ደግሞ ለጎረቤት አይነግሩትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲቪ የደረሳት የትናየት ናት። መናኸሪያው አጠገብ ልባሽ ጨርቅ እየሸጠች በየዓመቱ ስትሞላ ኖራ፣ እሷ ስትረሳው እሱ አስታወሳት። ያርጋል ከቱሪስት ጋር ተራራ የሚወጣ ወጥ ሠሪ ነው፤ እንደ ባል አብሯት መሄድ ይችላል። ፎርሙን የሞላላቸው የፎቶ ቤቱ ልደቱ ስንቴ መክሮት ነበር። የፊተኛው ጋብቻህ በሽማግሌ ታስሮ በሽማግሌ የተፈታ ነው፣ አንድም ወረቀት የለበትም፣ አግብተህ ታውቃለህ ወይ ሲሉህ አላውቅም በልና ተገላገል ብሎት ነበር። እሺ ብሎም ሄደ። አዲስ አበባ ኤምባሲው መስኮት ላይ ግን ቀኝ እጅህን አንሥተህ እውነት እንደምትናገር ማል አሉት። ያርጋል ልጅነቱን ቆሎ ተማሪ ሆኖ ያሳለፈ ሰው ነው፤ በመሐላ ቀልድ አያውቅም። እጁን አንሥቶ "አዎ፣ አግብቼ ነበር። ሠርካለም ትባላለች" አለ። ስሟን እንኳ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አንዴ ተጻፈ፤ አበቃ። ለየትናየትና ለአራሷ ልጅ ቪዛ ተመታላቸው፤ ለእሱ ግን የፊተኛው ጋብቻህ መፍረሱን ፍርድ ቤት ያጸደቀበት ማስረጃ አምጣ ተባለ። ፍርድ ቤቱ ደግሞ ሠርካለምና ያፋቷቸው ሽማግሎች ቀርበው ቃል ይስጡ ብሎ ለሐምሌ ቀጠረ። የትናየት ቪዛዋ ሳይቃጠል በግንቦት መሄድ አለባት። ሠርካለም ሐምሌ ላይ ወርዳ "ተፋተናል" ካላለች ያርጋል እዚሁ ቀረ ማለት ነው። እሺ ብትልም እስከዚያ ድረስ እሱ እዚህ፣ ሠርካለም እዚህ፣ የትናየት ባሕር ማዶ።

ሰው ሁሉ ያርጋልን አመሰገነው። እንዲህ ያለ እግዚአብሔርን የሚፈራ ባል ከየት ይገኛል አሏት። እሷ ግን አንጀቷ ቅጥል ብሏል። ጴጥሮስ እንኳ ጌታውን ሦስት ጊዜ ክዷል፤ ይኼ ሰውዬ ሠርካለምን አንድ ጊዜ መካድ አቃተው።

ቤቱ ጋ ሲደርሱ አንድ ቀይ ውሻ ከአጥሩ ሥር ተወንጭፎ ወጣና ወደ የትናየት እየጮኸ መጣ። ያርጋልን ሲያይ ጩኸቱን አቋርጦ ጅራቱን እየቆላ እግሩ ሥር ተጠማዘዘ። እጁን ላሰው። የትናየት ውሻውን ልብ ብላ አየችው። ገና ቡችላነቱ ያልለቀቀው ነው፤ ቢበዛ ዓመት ቢሞላው ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ፤ ይኼኛው እንግዲህ ከማን እጅ ሲበላ ኖሯል?

ሠርካለም ከጓዳ ወጣች። የትናየት ከመጋባታቸው በፊት አንድ ጊዜ "ቆንጆ ናት?" ብላ ጠይቃው "እንደ ሰው ናት" ብሏት ነበር። እንደ ሰው! ቁመቷ የበር ጉበን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ አንገቷ ላይ ያለው ንቅሳት እንደ ሐብል ተደርድሮ ቆዳዋ ላይ ያምራል። ይህ ሰው ካላስማሉት ይዋሻል ማለት ነው፣ አለች በሆዷ።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ" አለቻት ሠርካለም ጉንጯን እየሳመች። ወዲያው ማዘያውን ገለጥ አድርጋ ሕፃኗን አየችና ፊቷ ተለወጠ። "እህቴ፣ ክርስትና ያልተነሣች ልጅ እንዲህ በፀሐይ ይዘው ይወጣሉ? ምች ቢመታትስ? ግቢ፣ ግቢ።"

ውስጥ ቄስ ኪዳነ ማርያም መደብ ላይ ተቀምጠው ይጠብቋቸዋል። ካፋቷቸው ሽማግሎች አንዱ እሳቸው ናቸው፤ አንዱ ሞተዋል፤ ሦስተኛው አቶ ቢራራ ጉልበታቸውን ታመው ከቤት አይወጡም፣ ለፍርድ ቤቱ ግን በበቅሎም ቢሆን እንወስዳቸዋለን አሉ ቄሱ። የትናየት ግማሹን አልሰማችም። ያርጋል ዞር ብሎ ሳያይ፣ እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ጃኬቱን ምሰሶው ላይ ካለው የበሬ ቀንድ ሰቅሎ ተቀመጠ። እሷ ቀንዱ እዚያ መኖሩን ያየችው ጃኬቱ ከተሰቀለ በኋላ ነው።

በዓለ ኃምሳ ስለሆነ ሠርካለም የገብስ ዳቦና እርጎ አቀረበች። ቄሱ በዝግታ ነገሩን አስረዷት። በልጅነታቸው ቤተሰብ ያጋባቸው መሆኑን፣ ልጅ ስላልወለዱ በስምምነት መለያየታቸውን፣ ይህንኑ ዳኛ ፊት መናገር ብቻ እንደሚጠበቅባት ነገሯት። ልጅ ስላልወለዱ ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሠርካለም እጇን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ሰማቻቸው።

"እመጣለሁ" አለች። "የሆነውን አልክድም፣ ያልሆነውንም አልጨምርም። ተፋተናል፤ ተፋተናል እላለሁ።"

የትናየት እፎይ ማለት ሲገባት ሠርካለም ቀጠለች።

"ግን ፍርድ ቤቱ በጠዋት ነው አሉ። ወደ ደባርቅ የመጀመሪያው መኪና በዚህ የሚያልፈው ረፋድ ላይ ነው። ዋዜማውን መውረድ አለብኝ። ደባርቅ ዘመድ የለኝ፤ የት አድራለሁ?"

"ቤት አለ" አለ ያርጋል። ሴትዮዋ ቃሏን እንኳ አልጨረሰችም ነበር።

ቤት አለ። የቱ ቤት? የትናየት ቤቷን አሰበችው። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ መሐሉን የምትጋርድ አንዲት አበባማ መጋረጃ። መጋረጃዋን የሰፋቻት ራሷ ናት። እሷ አሜሪካን አገር ሆና፣ በቅጡ በማታውቀው ሰዓት፣ ሐምሌ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሠርካለም ከመጋረጃዋ ወዲያ ልትተኛ ነው። ወይም ከመጋረጃዋ ወዲህ።

ልጅቷን መደቡ ላይ አስተኝታ "ያርጋል፣ አንዴ" ብላ ወጣች። ከቤቱ ጀርባ፣ የገለባው ክምር ጥግ ቆሙ። ውሻው ተከትሏቸው መጥቶ ያርጋል እግር ሥር ተጋደመ።

"ይኼ ውሻ ስንት ዓመቱ ነው?"

"የቱ?"

"ከዚህ ሌላ ውሻ አለ? እናትህ ከሞቱ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። እሱ ያኔ አልተወለደም።"

ያርጋል ጎንበስ ብሎ የውሻውን ጆሮ አሻሸ።

"ባለፈው ክረምት ማሳዋን አረስሁላት" አለ። "ለአጨዳም መጥቻለሁ። እናቴን እስከ መጨረሻዋ አጥባ አጉርሳ ያስቀበረቻት እሷ ናት፤ የልጅ ሥራዬን የሠራችልኝ እሷ ናት። የሚያርስላት ወንድ የላትም።"

"ለእኔ ቱሪስት ይዤ ሳንቃ በር ነኝ አልኸኝ።"

"ብነግርሽ ትፈቅጂ ነበር?"

"አልፈቅድም ነበር" አለች በግልጽ። "ሌላስ?"

"ሌላ ምን?"

"ያርጋል፣ እንዳልገባው ሰው አትሁንብኝ።"

"ሌላ የለም" አለ፤ ጫማውን እያየ።

ማልልኝ የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። አንድ ቃል ናት፤ ማልልኝ። ደግሞም ታውቀዋለች፤ ለመሐላ ብሎ አሜሪካንን የሚያህል ነገር የጣለ ሰው ለእሷ ብሎ በሐሰት አይምልም። እጁን ካነሣ እውነቱን ያወጣዋል። እውነቱ ደግሞ ምን እንደሆነ ማን ያውቃል? ከዚያ ወዲያ ያንን ይዛ አውሮፕላን ላይ መውጣት አለባት፤ ያንን ይዛ ሰው በማታውቅበት አገር ልጅ ማሳደግ አለባት። ፈራች። እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ቃሉን ከነምራቋ ዋጠችውና "እንግባ፣ ልጅቷ ትነቃለች" አለችው።

ልጅቷ ነቅታለች። ሠርካለም ታቅፋታለች። የሕፃኗን እግር በመዳፏ ውስጥ አፍና እያሞቀች አንድ የማይሰማ ነገር ታንጎራጉራለች፤ ልጅቷም ዓይኗን ፊቷ ላይ ተክላ ጸጥ ብላለች። የትናየት ደሟ ፈላ። ባሌ አልበቃ ብሏት ደግሞ ልጄን! ልትቀማት እጇን ዘርግታ ነበር።

"ክርስትናዋ መቼ ነው?" አለች ሠርካለም፣ ቀና ሳትል።

"የፊታችን እሑድ።"

"ማን ነው የሚያነሣት?"

የምታነሣትን የትናየት ታውቃለች። ሱቅ ለሱቅ የሚጎራበቷት አበባየሁ ናት፤ ነጩን ቀሚስ ገዝታ፣ ጥልፉን አሳይታ፣ ለሰው ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። ይህን ብትሰማ ትቀየማለች፤ ዓመት ሙሉ አታናግራትም። የትናየት የዘረጋችውን እጇን መለሰችው።

"አንቺ" አለች።

ያርጋል ቀና አለ። ቄስ ኪዳነ ማርያም የያዙትን ዳቦ ሞሰቡ ላይ መልሰው አፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

"ልጄ፣ የምትይውን አስበሽዋል?"

"አስቤዋለሁ አባ።"

"ክርስትና ማንሣት ልጅ ማቀፍ ብቻ አይደለም። አበልጅነት እንደ ሥጋ ዝምድና ነው። ከእሑድ ጀምሮ ሠርካለም ለያርጋል እኅቱ ናት። በመካከላቸው ሌላ ነገር ቢኖር በገዛ እኅቱ ላይ እንዳደረገው ይቆጠራል። ይህን ታውቂያለሽ?"

"ይህንኑ አውቄ ነው አባ።"

ቄሱ ለአፍታ አዩዋት። ከዚያ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉና ወደ ያርጋል ዞሩ።

"አንተስ፣ ሰምተኻል?"

"ሰምቻለሁ አባ" አለ።

"ሠርካለም?"

ሠርካለም ከሕፃኗ ቀና አለች። ያርጋልን አየችው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየችው፤ ግን አስተያየቷ ረዘመ። የትናየትም ያንን አስተያየት አየች። ማንም ሳይምልላት የፈለገችውንም ያልፈለገችውንም ነገራት። ይህች ሴት ዛሬም ትወደዋለች። ሲያርስላት፣ ሲያጭድላት፣ ጃኬቱን ቀንዱ ላይ ሲሰቅል፣ ይመለስ ይሆናል ብላ ስትጠብቀው ኖራለች። የትናየት በከንቱ አልቀናችም፤ እብደትም አልነበረም። ይህን በማወቋ ትንሽ ቀለላት፤ ትንሽ ደግሞ አፈረች።

ሠርካለም ዓይኗን ከሰውየው አንሥታ ወደ ሕፃኗ መለሰች። ሕፃኗ የሠርካለምን አውራ ጣት ጨብጣ ይዛለች።

"ስሟን ማን አላችኋት?"

"ሕሊና" አለች የትናየት።

"ሕሊና" ብላ ደገመችው። "ሰምቻለሁ አባ። አነሣታለሁ። እኔ ሌላ ልጅ ከየት አመጣለሁ?"

ከዚያ ወዲያ ብዙም አልተነጋገሩም። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ሄዱ። የመልስ መኪናው እንዳያመልጣቸው ሲነሡ ያርጋል እጁን ወደ ቀንዱ ላከ፤ የትናየት ግን ቀድማው ጃኬቱን አውርዳ በእጁ ሰጠችው። ሠርካለም ልጅቷን ራሷ አዘለቻትና እስከ መንገዱ ድረስ ሸኘቻቸው። ስታስረክብ የማዘያውን ቋጠሮ ሁለቴ ፈትታ ሁለቴ አሰረችው። ውሻው ያርጋልን ተከትሎ ሊሄድ ሲል አንገቱን ያዘችው።

አይሱዙው ከላይ ኩርባው ላይ ብቅ ሲል የትናየት ከሻሿ ጫፍ ላይ ቁልፍ ፈታች። ያርጋል የራሱ አለው፤ ይኼ የእሷ ነው። ጠዋት ከቤት ስትወጣ፣ አሜሪካን ስትሄድ ይዛው እንደምትሄድ አስባ ነበር። የሠርካለምን መዳፍ ገልጣ አስጨበጠቻት።

"ለእሑዱም ለሐምሌውም ነው" አለቻት። "አበልጅ አበልጇ ቤት ታድራለች እንጂ የትም አትንከራተትም። አልጋው ላይ ትተኛለሽ። አንሶላ ሣጥኑ ውስጥ አለ።"

"እግዜር ይስጥሽ" አለች ሠርካለም፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

የትናየት መኪናው ላይ ለመውጣት አንድ እግሯን ካነሣች በኋላ ዞር አለች።

"ሐምሌ ላይ ስትመጪ እሱ ልደቱ ፎቶ ቤት ነው የሚያድረው" አለቻት። "ተነጋግረን ጨርሰናል።"

ከማንም ጋር አልተነጋገረችም። ያርጋል ከላይ ሆኖ ልጅቷን ሊቀበላት እጁን ዘርግቷል፤ ሰምቷታል። ለልደቱ ነገ በጠዋት፣ ለአበባየሁ ስለ ቀሚሱ ከመንገሯ በፊት፣ ትነግረዋለች።