የቀኙ ጫማ ማሰሪያ

«እንዴ! ጫማህ ውሃ አዝሏል እኮ!» አለ የሟች ልጅ አጎት፣ በረኛው ገና ደጃፉን ሳያልፍ።

በረኛው ግዙፍ ሽማግሌ ነው፤ የሟች የድሮ የእግር ኳስ ቡድን ጓደኛ። መርዶውን እንደሰማ በአውቶቡስ ሲንገላታ ውሎ፣ ከመናኸሪያው በዝናብ በእግሩ መጣ። ወንበር ከያዘም በኋላ እንባው አልቆመለትም።

የሟች ልጅ ሻይ ቀዳችለት። እሷ አላለቀሰችም። ከቀብሩ ጀምሮ ለቀስተኛ ይገባል፣ ይወጣል፤ እሷ ሻይ ትቀዳለች። አክስቶቿ በሹክሹክታ ያሟታል። «አንጀቷ ድንጋይ ነው እንዴ?»

ምን ታድርግ? ሰዉ የሚያለቅሰው ለፌንጣው ነው፤ አባቷን ሜዳ ላይ እንዲያ ነበር የሚሉት። ፌንጣው፣ ያ ኳስ በግንባሩ ሊገጭ ሲዘል ተከላካዩን ሁሉ ቁልቁል የሚያይ አጥቂ! በበረዶ አገር በቀይ ኳስ ጎል ያገባ፣ በበረሃ አገር አሸዋ እየቃመ የሮጠ፣ ቋንቋውን በማያውቀው አገር ስሙን ያዜሙለት። እሷ ያንን ሰውዬ አታውቀውም። ለእሷ አባት ማለት ከየአገሩ እየደወለ «አደግሽልኝ?» የሚል ድምፅ ነበር። አድጋ ስትጨርስ መጣ። የቀኝ ጉልበቱን በመርፌ እያደነዘዙ ሲያጫውቱት ኖረው፣ አልታጠፍ ሲላቸው ጊዜ አሰናበቱት። እናቷ ቀድማ አርፋለች፤ ቤቱ ለሁለቱ ብቻ ቀረ። «አባዬ» ከአፏ አልወጣ አላት። «እርስዎ» አለችው፣ እንደ እንግዳ።

የቀኝ ጫማውን ራሱ ማሰር አይችልም ነበር። በየጠዋቱ ፋርማሲ ሥራዋ ከመግባቷ በፊት ተንበርክካ የምታስርለት እሷ ነበረች።

«ጠበቀ?»

«ትንሽ ላላ። እስቲ ደግመሽ እሰሪው።»

ሁልጊዜ ላላ! ምርር ቢላት ማሰሪያ የሌለው ጫማ ገዛችለት። አንዴ ሞከረና «ይጠበኛል» ብሎ ወደ ካርቶኑ መለሰው። በትልቅ ቁጥር ልቀይርልዎ ብትለው «ተይው፣ አትድከሚ» አላት።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ረፍዶባት ነበር። «ላላ» ሲላት፣ «አሁንስ አበዙት!» ብላ ጥላው ወጣች። እሱ እያነከሰ ሰፈር ሜዳ ወረደ። ኳስ እያየ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አረፈ። ጫማው በፌስታል ተመለሰ፤ እስካሁን አልጋው ሥር ነው።

አጎቷ ያንን አዲስ ጫማ ከነካርቶኑ ይዞ መጣ። «በል አድርገው፣ ብርድ ሳይመታህ።»

«አይሆንዎትም ጋሼ» አለች። «እሳቸውም ጠቧቸው ነው የተዉት።»

በረኛው እግሩን ሰደደ። ልክክ አለ። እንዲያውም ተረከዙ ጋ ጣት ያስገባል።

«ማንን ነው የጠበበው? የእኔና የእሱ ቁጥር አንድ ነው! በዚያ በበረዶ አገር ጫማዬ ሲቀደድ የእሱን ተውሼ ነው የተጫወትኩት። አይ ፌንጣው፣ ውሸታም!» ሳቀ፤ ሳቁን ሳይጨርስ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ሲደውልልኝ ስለ ጎል አንስቶ አያውቅም እኮ፣ ልጄ። ወሬው አንቺ ነሽ። ‹በየጠዋቱ እግሬ ሥር ቁጭ ብላ ጫማዬን ታስርልኛለች። ላላ እያልኩ አስደግማታለሁ። ሕፃን ሆና ያልሳምኩት አናቷ አፍንጫዬ ሥር ነው፤ በየት በኩል ልጥገባት!› ይለኛል።»

ፔርሙሱን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ማንንም ሳታይ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

ፌስታሉን ከአልጋው ሥር ጎትታ አሮጌውን ጫማ አወጣች። የሜዳው ጭቃ ደርቆበታል። የቀኙን አልጋው ፊት አስተካክላ አኖረችውና፣ እንደ ወትሮው ተንበረከከች። ማሰሪያውን ሳበች፣ ቋጠረች። ያን ጊዜ ያ ሁሉ እንባ መጣ፤ ጫማው አልታይ አላት።

«ጠበቀ፣ አባዬ?»

አናቷን ዝቅ አድርጋ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ፈታችና ደግማ አሰረችው።