«ክፍት ነኝ» ያለው መስኮት

ሸሪፍ ፌሮውን ሲያሳርፍበት ትኬት ቆራጩ ሳሊም ከወንበሩ ወደቀ። የሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ትኬት ቢሮ ጠባብ ነው፤ በሩ በሰው ታፍኗል። ጠዋት ወደ አጣዬ የወጣው አውቶቡስ ጥይት ዘንቦበት፣ ሾፌሩ፣ የሸሪፍ ታናሽ ወንድም፣ መሪውን እንዳቀፈ ቀርቷል።

«‹ተኩስ አለ፣ መኪና አታውጡ› የሚል መልእክት ደርሶሃል! አንብበህ ሸኘኸው!»

«ወላሂ አላየሁም» አለ ሳሊም፣ ደም እየተፋ።

«ኮምፒውተሩ ‹ታይቷል› ይላል'ኮ! ማሽን ይዋሻል?»

የአደጋ መልእክት ሲደርስ የመናኸሪያውን ሳይረን የሚያስጮኸውን ፕሮግራም የጻፈችው ሙሀባ ከጥግ ሆና ይህን ሰማች። የዚህ ከተማ ሰው ሳይረን ከሰማ ልጁን ጥሎ ይሮጣል፤ ባለፈው በከንቱ ጮኾ የሽንኩርት ገበያው ሲተራመስ አንዲት ነፍሰ ጡር ተረግጣ ሞታለች። ስለዚህ የመልእክቱ መስኮት ስክሪኑ ላይ ክፍት ከሆነ ሳይረኑ ዝም እንዲል፣ «ታይቷል» ተብሎም እንዲመዘገብ አድርጋ ነበር። ሳሊም ግን ጠዋት ትኬት ሊቆርጥ መስኮቱን ሳይዘጋው ከዓይን ወደ ተሰወረበት የስክሪኑ ግርጌ አውርዶታል። ፕሮግራሙ «መስኮቱ ክፍት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ኮምፒውተሩ «ነው» አለው። የወረደም መስኮት ለኮምፒውተሩ ክፍት ነው። ወርዶ እንደሆነ ለይቶ የሚጠይቅ መስመር እሷ አልጻፈችም።

ፌሮው እንደገና ተነሣ።

«ሸሪፍ፣ ተው!» ብላ መሃል ገባች። ብረቱ ክንዷ ላይ አረፈ፤ አጥንቷ ሲሰበር ሰማችው።

«አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ?»

«የሠራሁት እኔ ነኝ። ና፣ እይ።»

በደህናው እጇ መስኮቱን አወረደችው። ስክሪኑ ላይ የትኬት ገጽ ብቻ ቀረ። ከስልኳ መልእክት ላከች። ሳይረኑ አልጮኸም።

«ምን ብዬ ላክሁ?»

«እኔ ምን አውቄ! ምንም አላየሁም።»

መስኮቱን መልሳ ከፈተችው። «ሸሪፍ ሳሊምን አትግደል» ይላል፤ ከሥሩም «ታይቷል»።

ሸሪፍ ብዙ አፈጠጠበት። «እንግዲያ ወንድሜን የፈጀሽው አንቺ ነሻ!»

«አዎ» አለች፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። «እኔን የትም አታጣኝም። እሱ ግን እየሞተ ነው።»

ከበሩ «እሷንም በላት!» የሚል ጩኸት መጣ። ሸሪፍ ጎንበስ ብሎ ሳሊምን በአንድ እጁ ከብብቱ ሥር አነሣው። ፌሮውን አልጣለም።

«ዞር በሉ! ሐኪም ቤት ላድርሰው!» አላቸው በሩ ላይ የቆሙትን።

ያልዞረው ተመታ።