የቅንድቡ ጠባሳ

የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ሲያንቀላፉ ይከርሙና ድንገት ሲነቁ ሰው ያስደነብራሉ። በለጋ ዕድሜያቸው የተቀጩትን የከተማዋን ዝነኞች በቤተ መጻሕፍቱ የግንብ አጥር ላይ ለማሳል ዓመት ሙሉ ሲያወላውሉ ቆይተው፣ ሠዓሊዋን ጠርተው «በዚህ ሳምንት ጨርሺልን!» አሏት። እሷም እንቅልፏን አጥታ ሯጯን፣ የልብ ሐኪሙንና ዘፋኟን አጠናቀቀች፤ ሁሉም ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው ያለፉ ናቸው። በምረቃው ዋዜማ የቀራት የመጨረሻውን ማሳመር ብቻ ነበር፤ ሜዳ ላይ ወድቆ ያልተነሳውን በረኛ፣ ደጋፊዎቹ «መዝጊያ» የሚሉትን።

የበረኛው እናት ሥዕሉን ለማየት የመጡት የሌላኛውን ልጃቸውን ክንድ ተደግፈው ነው። ሠዓሊዋ ልጁን ቀና ብላ ስታይ ከበርጩማዋ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። የሳለችው ሰው ከነነፍሱ ፊቷ ቆሟል!

«አይዞሽ እህቴ፣ መንታው ነኝ» አላት። ለምዶታል፤ ቧንቧ ሊጠግን በገባበት ቤት ሁሉ አንድ ሰው ሳይጮህ አይቀርም።

የጮኹት ግን እናትየው ናቸው።

«ኧረ ጉድ! ምን ዓይነት ሟርት ነው ይኼ? የቀረልኝን ልጅ ከሞቱት ጋር ትደረድሪው?»

ሠዓሊዋ ክው አለች። «እማማ፣ ክለቡ ከሰጠኝ ፎቶ ላይ ነው የሠራሁት» ብላ ፎቶውን ከኪሷ አወጣች።

እናትየው ሥዕሉ ላይ ቅንድቡን ለሁለት የከፈለውን ጠባሳ ጠቆሙ። «ታዲያ ይኼ የማን ነው? ከዛፍ የወደቀው ይኼኛው ነው! የኔ መዝጊያ ፊቱ ላይ ጭረት አልነበረበትም።»

ቧንቧ ሠራተኛው ፎቶውን ተቀብሎ ሲያየው ፊቱ አመድ መሰለ። «ያን ቀን ጥርሱን አሞት ተኝቶ ነበር። ‹ማልያዬን ልበስና ፎቶውን ተነሳልኝ፣ ማን ይለየናል› አለኝ። ሲያስቀን ነበር የዋለው እኮ…»

እንግዲህ ጋዜጣው ያወጣው፣ ደጋፊው ከናቴራው ላይ አሳትሞ እንባውን ያፈሰሰለት ይኼንኑ ፎቶ ነው። እናትየውና ወንድምየው ደግሞ ከሞቱ ወዲህ ጋዜጣም ሆነ የደጋፊ ከናቴራ ሲያዩ ፊታቸውን ስለሚያዞሩ በምን ይወቁት? ከተማው በሙሉ ያለቀሰው በሕይወት ያለውን ልጅ እያየ ነበር።

«ነገ ሰው ፊት የወንድሙን መልክ ይዞ ሊቀርብ ነው?» አሉ እናትየው። «የራሱን መልሺልኝ ልጄ።»

ሠዓሊዋ ቡናማ ከጥቁር ቀላቅላ የተከፈለውን ቅንድብ ገጠመችው። ብሩሹን አንድ ሁለት ጊዜ አስኬደችው፤ ሥራው ያ ብቻ ነበር። ከዚያ ዞር አለችላቸው።

ግድግዳው ላይ መዝጊያ ነበር። ለእናትየው ማየት ብቻ አልበቃቸውምና ተጠግተው ግንባሩን ዳሰሱት።

«እማዬ፣ ቀለሙ እኮ አልደረቀም» አለ ልጃቸው፣ በቀስታ ሊመልሳቸው።

እናትየው ወደሱ ዞሩ። ቀለም የነካውን አውራ ጣታቸውን ቅንድቡ ላይ አሳረፉና ጠባሳውን ሸፍነው አዩት፤ ዓይናቸው አልተነቀለም።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» አለ።

«አውቃለሁ» አሉ። ጣታቸውን ግን አላነሱም።