የክርስትና ስም የሚጠይቀው ድረ ገጽ

ወንድሜ ራጉኤል ከኪራሙና ከጊዳ አያና የተበተኑ ዘመዳሞች የሚፈላለጉበት ድረ ገጽ ሠራ። ስምህ ለሁሉም ይታያል፤ ያለህበትን ቦታ ግን የሚያየው አንተ የፈቀድክለት ዘመድ ብቻ ነው። የይለፍ ቃሉ የጠፋበት ሰው የክርስትና ስሙን ጽፎ ይገባል።

«መታወቂያ ላይ የለም፣ ፌስቡክ ላይ የለም። ማን ያውቀዋል?» አለኝ ደረቱን ነፍቶ።

«ቄሱ፣ ዲያቆኑ፣ ጽዋ ማኅበሩ በሙሉ» አልኩት።

«አንቺ መጀመሪያ ሒሳብ እለፊ።»

እሺ፣ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ደግሞ አይሆንልኝም።

አጎቴ ሀብተጊዮርጊስ ነቀምት፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር እኛ ቤት ተደብቆ ነው ያለው። ኪራሙ ላይ ወፍጮ ቤቱን ያቃጠሉትን ሰዎች በዓይኑ አይቷል፤ እነሱም ማየቱን ያውቃሉ። ልጆቹ የት እንደወደቁ ስለማያውቅ ራጉኤል መዘገበው። አድራሻችንም ሳይቀር ገባ፦ ከጋራዡ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር።

ቅዳሜ ከሰዓት ራጉኤል ከላፕቶፑ ቀና ብሎ ወደ አጎቴ ዞረ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት የይለፍ ቃልዎን ቀይረዋል?»

«በምኑ ልጄ? ስልኬ ከተሰበረ ሰነበተ እኮ።»

«አንድ ሰው በክርስትና ስምዎ ገብቷል።»

«ነግሬህ ነበር» ልል አፌን ከፈትኩና የአጎቴን ፊት ሳይ መልሼ ዘጋሁት።

«ማን ያውቀዋል ስሙን?» አለች እናቴ።

«እዚህ እናንተ ብቻ። ኪራሙ ጽዋ አብረን የምንጠጣቸው ሰዎች።» አለ አጎቴ። «የማኅበራችን ታዲዮስም ያውቀዋል። እስካሁን አልነገርኳችሁም፤ ወፍጮ ቤቱን ሲያቃጥሉ ካየኋቸው አንዱ እሱ ነው።»

ራጉኤል ቁልፎቹን መታ። «አድራሻውን አጠፋሁት።»

«ካነበበው በኋላ?» አልኩት።

እናቴ የአጎቴን ጫማ ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣች። «በጎረቤት በእነ ጆቴ አጥር በኩል ውጣ። አሁኑኑ።»

አጎቴ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ የግቢው በር ተንኳኳ። ቀስ ብሎ፣ በጨዋ ደንብ።

«አሻም፣ ቤቶች» አለ የሰው ድምፅ።

እንደ ጎረቤት ነው ሰላም ያለው፤ ተነሥቼ ልከፍት ትንሽ ቀረኝ።

«ወልደ ሰንበት አለ?»

ነቀምት ውስጥ አጎቴን በክርስትና ስሙ የሚጠራ አንድ ሰው የለም። ጫማውን ሳያስር ወደ ጓሮ በር ተራመደ። እናቴ አፌን በመዳፏ ከደነችው።

ባትከድነውም ምንም አልልም ነበር።