አቼቶው እስኪያነጣ

…ድምፃቸውን ግን እንዴት ትስተዋለች፣ ከመቶ ሴት መሃል ትለየዋለች፣ እትዬ ናቸው፣ የቀድሞ ባሏ ታላቅ እህት፣ ወንድማቸውን እንደ እናት ያሳደጉ፣ እሷን እንደ ውሻ ያባረሯት፣ አሁን ለማህፀን በር ካንሰር ምርመራ በተለቀቀው መማሪያ ክፍል፣ ጥቁር ሰሌዳው ሥር፣ አልጋው ላይ እግራቸውን ከፍተው ተኝተዋል። ነርሷ እሷ ናት፣ ጭምብል አድርጋለች። አላወቋትም።

ያማል እንዴ የኔ ልጅ? የኔ ልጅ! ዛሬ ገና ልጃቸው ሆነች። አያምም እናቴ፣ አቼቶ ነው፣ ሰላጣ ላይ የሚደረገው፣ ደህና ያልሆነ ቦታ ካለ ያነጣዋል፣ ትንሽ እንጠብቅ። የማህፀን በራቸውን በጥጥ ትቀባለች፣ ከቦርሳዋ የወጣችውን ትንሽ ካሜራ ታበራለች፣ ከካሜራዋ ጋር የተገናኘው ስልክ ላይ ሮዝ ሥጋ፣ እርጥብ፣ የዋህ፣ ያ ምላስም ከዚሁ ሥጋ ነው የተሠራው? ወንድሜ በቅሎ አገባ፣ የማትወልድ፣ ያሉት በሰው ፊት ነው፣ ሰርግ ቤት፣ እሷ ሳህን ይዛ ቆማ። ላብራቶሪው ችግሩ የእሱ ነው ሲል ባሏ ጭኗ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፣ ለእትዬ እንዳትነግሪብኝ፣ አልነገረችም፣ እንዲህ ያለ ነገር ካፏ አይወጣም፣ ዓይነ አፋር ናት፣ ዓይነ አፋርነቷንና ሻንጣዋን ተሸክማ ወጣች።

እትዬ ጣሪያውን እያዩ ያወራሉ፣ አይ የወንድሜ ዕድል፣ ሁለተኛዋ ሚስቱም በቅሎ ሆና አረፈችው፣ እሷንም ልንሸኛት ነው።

እሷንም።

ነጣ። ጠርዙ ላይ፣ ጥፍር የምታህል፣ ወተት የመሰለች። እሰይ! እሰይ ይላል ልቧ፣ አያፍርም። ንጹሕ ነዎት ማለት ብቻ፣ ምስሉን መሰረዝ ብቻ፣ ሂጂ፣ ቀስ ብሎ ይብላሽ፣ እኔን እንደበላሽኝ፣ ማን ያውቃል፣ ማንም። ከዚያስ? ትሞታለች፣ ለቅሶ ላይ ደጓ እትዬ ይባልላታል፣ እያመማት እንኳ ወንድሟን ስታስብ ይባላል፣ በቅሎዋ በቅሎ ሆና ትቀራለች፣ ያቺ ሁለተኛዋም። ሞት ለሷ ማምለጫ ነው፣ አይ፣ አታመልጪኝም፣ ትኖሪያታለሽ፣ ኖረሽ እውነቷን ትሰሚያታለሽ።

እናቴ፣ ስልኩን ይዩ፣ ይቺ ነጭ ነገር ካንሰር አይደለችም፣ ዝም ካልናት ግን ልትሆን ትችላለች፣ አሁኑኑ በሙቀት እናጥፋት? አጥፊልኝ በሞቴ። በባትሪ የሚሠራውን መተኮሻ ታነሳለች፣ እንዲህ ተጠንቅቃ ሠርታ አታውቅም፣ ቂም እጅ ያጸናል ለካ።

እትዬ ቀሚሳቸውን አስተካክለው ይነሳሉ፣ እጇን ይይዛሉ፣ ተባረኪ፣ ማህፀንሽ ይለምልም የኔ ልጅ።

ጭምብሏን ታወርዳለች። ለምልሟል እትዬ፣ ሁለት ወልጃለሁ፣ ይቀመጡ እንጂ፣ አይዞዎት፣ አሁን አይሞቱም፣ ስለ ወንድምዎ የምነግርዎ አለኝ