የባይሳ ተራ

ባይሳ ሚስቱን ፋናዬን ከቀበረ ወዲህ ጎረቤት ቡና ሲጠራው ይሄድ ነበር፤ ኋላ ግን መሄዱን እርግፍ አድርጎ ተወው። ቡና ጠልቶ አይደለም። ይሉኝታ ይዞት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ እነ ባይሳ በሚኖሩበት ደረጃ፣ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡናው በተራ ነው። ዛሬ ሙሉነሽ ቤት ከተጠጣ በሚቀጥለው እሁድ አስመረት ቤት፣ ከዚያ ዕፀገነት ቤት እያለ ይዞራል። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አይስተውም። ፋናዬ በሕይወት ሳለች ተራዋ ሲደርስ ባይሳ ወንበር ይደረድራል፣ ስኳር ይገዛል፣ ከዚያ ጥጉን ይዞ የሴቶቹን ጨዋታ እየሰማ ይስቃል። እሷ ስትሞት ተራዋም አብሯት ሄደ። ቀረ ያለ የለም፤ ዝም ብሎ ከዕፀገነት ወደሚቀጥለው ቤት ተሻገረ። ሐዘንተኛን ደግሞ ማን ደፍሮ ተራህ ደረሰ ይለዋል?

ጎረቤቶቹ ክፉ አልነበሩም፤ እንዲያውም ደግነታቸው በዛበት። ቀድመው ለእሱ ይቀዱለታል፣ ከበላይ ያስቀምጡታል፣ ሲያናግሩት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እሱ በመጣ ጊዜ ቀልዱ ሁሉ ቀዝቀዝ ይላል። ብድር በምድር ነው፤ ሁልጊዜ እየጠጡ አለማጠጣት የሰው ፊት ያስፈራል። ባይሳም መጀመሪያ "ዛሬ ደክሞኛል"፣ "ዛሬ ሆዴ ልክ አይደለም" እያለ ማመካኘት ጀመረ። በመጨረሻ በሩ ሲንኳኳ ትንፋሹን ውጦ፣ ቤት እንደሌለ ሰው ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጥ ነበር። በገዛ ቤት መደበቅ ለጠላትም አይስጥ።

ሴት ቀጥሮ ማስፈላት ይችላል። ያ ግን የሴትዮዋ ቡና እንጂ የባይሳ አይሆንም። አንድ ጊዜ በሩን ቆልፎ ራሱ ሊቆላ ሞከረና አሳረረው። ጭሱ በመስኮት ሲወጣ ከላይኛው ፎቅ "ጋሽ ባይሳ፣ ምን ተቃጠለ?" ብለው ጮሁ። "ወጥ ነው!" አለ። ወንድ ልጅ ወጥ አሳረረ ቢባል ይሻላል፤ ቡና ሲቆላ ተገኘ ተብሎ ደረጃው ሁሉ ከሚስቅበት።

መላው የተገኘው ሳያስበው ነው። ልጁ ሄሊና ኦሎምፒያ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። አንድ ቀን ሊጠይቃት ሄዶ መተላለፊያው ላይ ተቀምጦ ሲጠብቃት፣ ጥግ ላይ አንድ ማሽን ውሃውን አሙቆ በተፈጨ ቡና ላይ እያንጠባጠበ ወደ ጆግ ሲያወርድ አየ። ከረባት ያሰረ ሰው ተነስቶ ለራሱ ቀዳ፣ ላጠገቡም ሰው ቀዳለት። ማንም አልሳቀበትም። ባይሳ ያን ሰውዬ ሲያየው ቆየ።

"እንዲህ ያለ ማሽን ለቤት መግዛት ፈልጌያለሁ" አላት ልጁን።

"በቃ ዘመንክ አባዬ!" አለች ሄሊና። እናቷ ከሞተች ጀምሮ አባቷ አንድ ነገር ፈለግሁ ሲል የሰማችው ያን ቀን ነው። ለምን እንደፈለገው አልጠየቀችውም፤ እሱም አልነገራትም።

ቅዳሜ እዚያው ኦሎምፒያ ወደ አንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ወሰደችው። ሰዲቅ የሚባል ቀልጣፋ ሻጭ መደርደሪያውን እየዞረ ማሽኖቹን አወረደላቸው። መጀመሪያ ያነሳው ከጫማ ካርቶን የማይበልጥ ጥቁር ነገር ነበር።

"ፋዘር፣ ይቺ ለእርስዎ የተሠራች ናት። ውሃ እዚህ፣ ቡና እዚህ፣ ኩባያዎን ከሥር ማድረግ ብቻ። ልክ አንድ ኩባያ ስትሞላ ራሷ ታቆማለች።"

"ፐርፌክት ናት!" አለች ሄሊና። "ቦታ አትይዝም፣ ለማጠብም ቀላል ናት። ጠዋት ስትነሳ አንድ ቁልፍ ነው፣ አለቀ።"

ባይሳ ኩባያዋን አንስቶ አገላበጣት። ጠዋት ተነስቶ፣ ቁልፍ ተጭኖ፣ ፋናዬ ትቀመጥበት ከነበረው ወንበር ፊት ለፊት ብቻውን ሲጠጣ ታየው። ብቸኝነቱን በካርቶን አሽገው የሚሸጡለት መሰለው። ኩባያዋን በቀስታ ቦታዋ መለሳት።

"ትልቅ የለም?"

ሰዲቅ ባለ ብርጭቆ ጆጉን አወጣ። ከጆጉ ሥር ቡናውን የሚያሞቅ ጠፍጣፋ ብረት አለው። ባይሳ ጎንበስ ብሎ አየው።

"መብራት ሲሄድስ?"

"መብራት ሲሄድማ ይቀዘቅዛላ" አለ ሰዲቅ። "ምን ይደረጋል፣ ፋዘር፣ መብራቱ የኛ አይደለም።"

"መብራት ባይሄድም ማሞቂያው ላይ ሲቆይ ይመራል" አለች ሄሊና። "ቢሯችን ያለው እንደሱ ነው። ከሰዓት በኋላ አይቀመስም።"

"ሰው ደግሞ ሲጫወት ይቆያል" አለ ባይሳ ለራሱ። ሄሊና ቀና ብላ አየችው።

ሦስተኛው በብርጭቆው ፋንታ የብረት ፔርሙዝ ያለው ነበር። ቡናው በቀጥታ ፔርሙዙ ውስጥ ይወርዳል፤ አንዴ ከወረደ መብራት ኖረ አልኖረ ግድ አይሰጠውም። ማጥለያውም በየጊዜው የሚጣል ወረቀት ሳይሆን ታጥቦ የሚመለስ ወንፊት ነው። የካ አባዶ ድረስ የማጥለያ ወረቀት ማን ያመላልሳል?

"ስንት ሲኒ ይወጣዋል?" አለ ባይሳ።

"ካርቶኑ ላይ በኩባያ ነው የጻፉት። በኛ ሲኒ ከሆነ ሰፈር ያጠጣል!"

ሰዲቅ እንደ ሻጭ ወግ የተናገረው ነው። ባይሳ ግን ፊቱ በራ።

"አባዬ፣ ይሄ እኮ የካፌ ነው" አለች ሄሊና። "የተረፈውን ምን ልታደርገው ነው?"

"አይተርፍም።"

"ማን ሊጠጣው?"

ባይሳ የፔርሙዙን ክዳን ከፈተ፣ ዘጋ። ደግሞ ከፈተ። ሄሊና ክዳኑን አየች፣ አባቷን አየች፣ ጉንጯ ቀላ።

"አባዬ... ሰው አለ እንዴ?"

"አለ።"

ሰዲቅ ሌላ ካርቶን እንደሚፈልግ ሰው ጀርባውን አዞረ። ጆሮው ግን እዚያው ነበር።

"ማናት?"

"ማናት ብቻ? ሰባት ናቸው" አለ ባይሳ። የልጁ ዓይን ሲፈጥ ሲያይ መቀለዱን ተወ። ስለ ተራው፣ ስለ ይሉኝታው፣ ስላረረው ቡና፣ በሩ ሲንኳኳ ትንፋሹን ውጦ ስለሚቀመጥበት እሁድ፣ እዚያው ማሽኖቹ መሐል ቆሞ ነገራት።

የሄሊና ዓይን እንባ ሞላ። "ለምን አልነገርከኝም? እኔ መጥቼ አፈላልህ አልነበር?"

"ለዚሁ ነው ያልነገርኩሽ። አንቺ ካፈላሽው የአንቺ ቡና ነው። 'ልጁ መጥታ አጠጣችን' ይላሉ። እኔ ራሴ ጠርቼ፣ እኔ ራሴ ቀድቼ ነው የምፈልገው።"

ሄሊና አፍንጫዋን ጠረገች። ያቺን ትንሽ ማሽን በእጇ ገፋ አድርጋ፣ "ባለ ፔርሙዙን አሽግልን" አለችው ሰዲቅን።

በዚያው ምሽት የካ አባዶ ድረስ አብራው ሄዳ እንዴት እንደሚሠራ አሳየችው። ለአንድ ፔርሙዝ ስንት ማንኪያ ቡና እንደሚገባም ነገረችው። ብዛቱ ባይሳን አስደነገጠው። እሷ ከሄደች በኋላ፣ ሰው ቤት ጠርቶ መራራ ከማጠጣት ቀነስ ማድረግ ይሻላል ብሎ በልቡ ወሰነ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማሽኑን አዘጋጀ፣ ሲኒዎቹን አጠበ፣ ደህና ልብሴ የሚለውን ጥቁር ኮቱን ለበሰና ሊጠራ ወጣ። ባይሳ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር፤ የማያውቀውን ሰው በር ሲያንኳኳ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ሙሉነሽ በር ላይ ሲደርስ ግን እጁ ከበደው። የሰፈሩ ጥሪ "ኑ ቡና ጠጡ" ነው፤ ያን ቃል ደግሞ በዚያ ደረጃ ላይ ወንድ ብሎት አያውቅም። ሙሉነሽ በሩን ስትከፍት ያን ቃል ማለት አፈረ።

"ወይዘሮ ሙሉነሽ፣ እባክዎ... እቤት ብቅ ይበሉ። ሁላችሁም" አለ መሬት መሬቱን እያየ። አስመረትንም፣ ዕፀገነትንም፣ ሌሎቹንም እንደዚያው ጠርቶ ሽቅብ ወደ ቤቱ ሮጠ።

እንግዲህ ፍረዱ። ሰንዳፋ ያለው ታላቅ ወንድሙ ታሞ እንደሰነበተ ደረጃው ሁሉ ያውቃል። ወራት ሙሉ በሩን ዘግቶ የከረመ ሰው፣ በእሁድ ጠዋት፣ በጥቁር ኮት፣ ዓይኑን ሰብሮ በየበሩ "ብቅ በሉ" ሲል ማን ቡና ነው ብሎ ያስባል? ሙሉነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየለበሰች የእድሩን ዳኛ በስልክ ድንኳን አዘዘች። የአስመረት ባል ዑቕባይ አግዳሚ ወንበር ተሸከመ። አስመረት ለሐዘንተኛው እንዲሆን ቡና በፔርሙዝ ያዘች፤ ዕፀገነት ዳቦ። ተሰብስበው በዝግታ ወጡ።

ባይሳ በሩን በፈገግታ ከፈተ። ያ ፈገግታ ሙሉነሽን የባሰ አንጀቷን በላው፤ ጭንቅላቱን ነካው እንዴ ብላ ደነገጠች።

"ወይኔ ባይሳ! ወንድምዎን! ያን የመሰለ ሰው!" ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ሴቶቹ ተከተሏት።

ባይሳ ክው አለ። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየ፣ አግዳሚውን አየ፤ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። "ወንድሜ ምን ሆነ? ማን ነገራችሁ?"

ለቅሶው ቀጥ አለ።

"እርስዎ አይደሉም እንዴ የጠሩን?" አለች ዕፀገነት።

"ለቡና ነዋ!"

ሁሉም ዞረው ጠረጴዛውን አዩት። ሲኒዎቹ ተደርድረዋል፤ ማሽኑ ጥግ ላይ እየተንፈቀፈቀ የመጨረሻውን ጠብታ ያወርዳል። መጀመሪያ የሳቀው አግዳሚውን እንደተሸከመ ዑቕባይ ነው። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። ሙሉነሽ እንባዋን እየጠረገች ስልኳን አወጣችና፣ "ድንኳኑ ይቅር። አይ፣ ማንም አልሞተም። ቡና ነው" አለች።

ባይሳ ወንድሙ ደህና መሆኑ ሲገባው ፔርሙዙን አነሳ። በየሲኒው ቀዳ። ለሁሉም በእጁ አደለ፤ ለራሱ መጨረሻ ቀድቶ የሰዎቹን ፊት ማየት ጀመረ።

"ይጥማል" አለች አስመረት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"በጣም እንጂ። እንዴት ጎበዝ ነዎት" አለች ዕፀገነትም እንደዚያው ለስለስ ብላ።

ባይሳ ያን ድምፅ አወቀው። ሲሸሸው የከረመው የሐዘንተኛ ማባበያ ድምፅ ነው። ማሽኑን መርጦ፣ ደረጃ ወርዶ፣ በር አንኳኩቶ፣ ዛሬም ያው የሚታዘንለት ሰው ነው። ሲኒውን ሳይቀምሰው ጠረጴዛው ላይ መለሰው።

ሙሉነሽ አንድ ጊዜ ፉት አለች። ደግማ ፉት አለችና ሲኒዋን አስቀመጠች።

"ቀጥኗል" አለች።

አስመረት በክርኗ ጎሰመቻት።

"ምን ትጎስሚኛለሽ? ቀጥኗል! ሻይ ነው እንዴ ይሄ?" ሙሉነሽ ወደ ባይሳ ዞረች። "ሐዘን ላይ የተቀዳ ቡና አይነቀፍም፣ አውቃለሁ። ይሄ ግን የሐዘን ቡና አይደለም፤ ጠርተውን ነው የመጣነው። ስንት ማንኪያ ነው የጨመሩት?"

"እንዳይመር ፈርቼ... ከነገሩኝ ቀነስ አደረግሁት" አለ ባይሳ።

"ቆጥበውብናላ! ለሚቀጥለው ተራዎ ይሄን ውሃ እንዳያመጡብን። ከዕፀገነት ቀጥሎ ነዎት፤ በኋላ አልሰማሁም እንዳይሉ።"

አሁን ሳቁ ድምፁን ዝቅ ያደረገ አልነበረም። ዑቕባይ፣ "እኔስ ሲኒው ውስጥ ከሥሩ የተሳለው አበባ በቡናው አልፎ ሲታየኝ ጊዜ ነው የጠረጠርኩት" አለ። ዕፀገነት እውነቱን ለመናገር ስኳሩም በዝቷል አለች። ዳቦው ተቆረሰ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ፤ ከበላይ ያስቀመጠውም ቀድሞ የቀዳለትም አልነበረም።

ባይሳ ፊቱ እንደበራ ሲኒዎቹን ሰበሰበ። ከዚያ፣ "እንግዲያው ልድገም?" አለ።

"ይድገሙ እንጂ!" አለች ሙሉነሽ። "ይሄን አጠጥተው ሊሸኙን ነው?"

ፔርሙዙን ይዞ ወጥ ቤት ገባ። እዚያ ማንም ሳያየው እንባው ወረደ፤ በእጅጌው ጠረገውና የቡናውን ቆርቆሮ ከፈተ።

"ሞላ ያድርጉት!" ብላ ጮኸች ሙሉነሽ ከሳሎን።

"ሰምቻለሁ!" ብሎ ጮኸ እሱም፣ ማንኪያውን ከነቁልሉ እያነሳ።