አባቴ ያሳየኝ ኢየሩሳሌም

አባቴ መሪጌታ ወልደኢየሱስ ኢየሩሳሌም ሊሳለም ከጎንደር ሲነሣ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። እናቴ ሞታ ስለነበር የሚያስጠጋኝ ዘመድ አጥቶ በበቅሎ አፈናጦ ወሰደኝ። የደብሩ ሰው እስከ ከተማው ዳር ሸኘን። ሁሉም የሞተበትን ዘመድ የክርስትና ስም በወረቀት አስጽፎ፣ ጎልጎታ ደርሶ እንዲጠራለት አደራ አለው። ጎረቤታችን እትዬ አባይነሽ ግን ወረቀት አላመነችም። የሞተባትን የአንድ ልጇን ስም፣ ሀብተ ማርያምን፣ ሦስት ጊዜ በአፉ አስጠራችው።

በጭልጋ አድርገን መተማ፣ ከመተማ በጭነት ማኪና ሱዳን ገባን። ጉድ እኮ ነው፤ ተራራ የሚባል የለም። ወንዱ ሁሉ ነጭ ቀሚስ ለብሶ ጥምጣም አስሯል። ይሄን ሁሉ ቄስ ማን ይቀልበዋል ብዬ ተጨነቅሁ፤ የኛ ደብር ሃያዎቹ እንኳ በድግስ ቀን አገር ያስመርራሉ። ከማማ ላይ የሚጣራውን ሰውዬ ሰምቼ፣ የዚህኛው መሪጌታ ድምፅ ካንተ ይበልጣል ስለው አባቴ ቆነጠጠኝ።

ገዳሪፍ ከተማ አያ የሻው የሚባል ያገራችን ሰው አሳደረን። በማግስቱ የቀረውን መንገድ ዘረዘረልን፤ ባቡር፣ በረሃ፣ መርከብ። አባቴ የርብን ወንዝ እንኳ የበቅሎ ጭራ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሻገር ሰው ነው። መርከብ ሲባል ፊቱ አመድ መሰለ። ሁለት ወር ተቀምጠን ተምር በላን። አንድ ቀን እጄን ይዞ ወጣና፣ ሜዳው መካከል ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነጭ ቤት ከሩቅ አሳየኝ።

«የጌታ መቃብር ያ ነው። ሕፃን አይቀርበውም፤ እዚሁ ሆነሽ ስገጂ» አለኝ።

ግንባሬ አፈር እስኪለብስ ሰገድኩ። እሱ ተምሩን እያላመጠ ቆሞ ጠበቀኝ።

ጎንደር ስንገባ እልልታው ቀለጠ። ሰዉ ጉልበቱን ሳመው። አባቴ ደክሞኛል አለና ወሬውን ለኔ ተወው፤ ሞኝ አይደለም። ሕፃን ያየውን አይደብቅም እየተባለ እኔ ተከበብኩ። ግመል አለ፣ ሙቀት አለ፣ ወንዱ ሁሉ ካህን ነው አልኩ። ቀሳውስቱ «መጽሐፉ እንደሚለው» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ እስካሁን አልነገሩኝም።

እትዬ አባይነሽ ግን የልጇን ስም ሲጠራ ሰምቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልሰማሁም አልኳት። አባቴ በልቤ ነው የጠራሁት አለ። እንግዲያው እኔው ሄጄ አስጠራዋለሁ አለችና መንገዱን እኔኑ ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ መተማ፣ የጭነት ማኪና፣ አያ የሻው ቤት፣ ነጩ ቤት። አባቴ አጠገባችን ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ግን ዝም አይነቅዝም አይደል! ስልሳ ዓመት የሞላት ሴት ብቻዋን ቆላ ልትወርድ ስትነሣ ስንቋን ባረከላት። እስካሁን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው።

በዓመት ከመንፈቅ ተመለሰች። ከስታ፣ ጠቁራ፣ ክንዷ ላይ የኢየሩሳሌም ተሳላሚዎችን መስቀል ተነቅሳ። አያ የሻው ነጩ ቤት የአንድ ሼህ መቃብር መሆኑን ሲነግራት ቁጭ ብላ አልቅሳ፣ ከዚያ ባቡሩ ወዴት ነው አለችው። ይሄን የነገረችው ለኔ ብቻ ነው።

በሳምንቱ ማኅበር ላይ አባቴ ከላይ ተቀምጦ፣ አገሩ እንዳየነው ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አያት።

«የልጄን ስም አስጠራሁ፣ የኔታ» አለች። «የእርስዎንም አስጠርቻለሁ፤ ከሙታኑ ጋር።»

አባቴ ጽዋውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ። እኔም አልተከተልኩትም።